የድልድዩ ማዶ አፈር

በሐዝመር መንግሥት አገር የሚጠብቁት የሞቱ ጀግኖች ነበሩ። ሠዓሊ ጀግናው ከወደቀበት ስፍራ አፈር ያመጣል፤ በተልባ ዘይት ይለውሰዋል፤ መስኮት በሌለው የእሳት አዳራሽ፣ በነበልባል ብርሃን፣ ያየውን ብቻ ይሥላል። ጠላት ሲመጣ ሥዕሉ ከግድግዳው ይወርዳል፤ አንዴ ከወረደ ግን አይመለስም።

ዘንዶው ዳርሞት ከተራራው መውረዱ በተሰማበት ማለዳ፣ ይህንኑ ዘንዶ ሲዋጋ ከድልድዩ ማዶ የወደቀው የጀግናው የጎሜር ሥዕል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተገኘ።

ንግሥቲቱ ሠዓሊውን፣ የጎሜርን ታናሽ ወንድም ሐርዛንን አስጠሩ። «በእሳቱ ፊት ማልልኝ። አፈሩ ከየት ነው?»

«ከጓሮዬ ነው፣ ንግሥት ሆይ። ወደ ድልድዩ መመለስ ፈርቼ።»

በሥዕሉ ላይ ራሱን ከወንድሙ ጎን፣ ጦር ጨብጦ መሣሉን ግን አልተናገረም።

«እንግዲያው ሂድና አምጣ» አሉት።

የጎሜር ሚስት ትርሲን አብራው ወጣች። ሁለት ቀን በጭጋግ ተጉዘው ዘንዶው ከለበለበው ድልድይ ደረሱ። ሐርዛን ከድልድዩ አፍ ላይ ቆመ።

«ያኔም የመጣኸው እስከዚሁ ነበር?» አለችው።

«እትዬ…»

«አስከሬኑን ልወስድ ስመጣ ጋሻህን እዚህ ቁጥቋጦ ውስጥ አገኘሁት።»

«ታዲያ ሦስት ዓመት ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተው እስክትናገር። በየበዓሉ እየመጣሁ በሥዕሉ ላይ የነፋኸውን ደረት እመለከት ነበር። አሳምረኸዋል።»

ሐርዛን በእንብርክኩ ተሻግሮ ቀዩን አፈር በጥፍሩ ቧጠጠ።

ሲመለሱ ዳርሞት ወደ ከተማዋ በር ተቃርቧል። ሐርዛን ወንድሙን በአዲሱ አፈር ደግሞ ሣለው። ጎሜር ፊቱን አልመለሰም።

ትርሲን ችቦውን አስጠጋችለት። ሐርዛን ቢላዋ አነሣ፤ በአዳራሹ በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት የገዛ ምስሉን ፋቀ፤ ከግድግዳው ጥግም ጋሻውን ጥሎ የሚሸሽ ሰው ጀርባ ሣለ።

«ለካስ ሸሽቶ ኖሯል» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ሐርዛን መሣሉን አላቆመም።

ጎሜር ዞረና ወረደ። ትርሲን ጉንጩን ስትዳስስ ጣቷ ላይ የቀረው ዘይት ብቻ ነበር። ከበሩ ወጥቶ ጦሩን በዘንዶው ጉሮሮ ሰካ፤ ዘንዶውም በመጨረሻ ትንፋሹ አነደደው።

ሐዝመር ዳነች። የጎሜር መልክ ግን ከዚያ ወዲህ የትም የለም። በግድግዳው ላይ የቀረው ያ ጀርባ ብቻ ነው። ሐርዛን ዛሬ የአዳራሹ እሳት ጠባቂ ነው፤ እንግዶች በሥዕሉ የሚሸሸው ሰው ማን እንደሆነ ሲጠይቁት «እኔ ነኝ» ይላቸዋል።

«ከምን ነው የምትሸሸው?»

«ከወንድሜ ጎን።»