ጉብታው ብቻውን ሲመጣ

ከሰዓት በኋላ የደብረ ብርሃን ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ መግባት ሲጀምር ወይዘሮ አስካለ አልጋዋ ላይ ጋደም ትላለች፤ ልጇ ትርሲትም ከደሴ ይዛው የመጣችውን ትንሽ የልብ መመርመሪያ ማሽን አጠገቧ አስቀምጣ ሽቦዎቹን ደረቷ ላይ ትለጥፍላታለች። ትርሲት ነርስ ናት። እናቷ በልብ ሕመም ሆስፒታል ተኝታ በወጣች ማግስት፣ አመሻሽ ላይ፣ ፈቃድ ወስጃለሁ ብላ ድንገት ከች አለች። ጣቶቿ እንደ ምንጭ ውኃ ይቀዘቅዛሉ። ከልብሷ የአልኮል ሽታ ይወጣል፤ ከሥሩ ደግሞ ዝናብ የመታው አፈር የሚመስል ሌላ ሽታ አለ።

ማሽኑ ሲጥ ሲጥ እያለ የሚያወጣውን ወረቀት ማንበብ ያስተማረቻት እሷው ናት። መጀመሪያ ትንሽ ጉብታ፣ ተከትሎት ረጅም ሹል፤ በሹሎቹ መካከል ያለው ርቀት እኩል ከሆነ ልብ ደህና ነው።

ቤቱ ግን ለአስካለ ደህና አልመስል አላት። ታናሽ ወንድሟ ደምሰው ስልኳን ላሠራው ብሎ ወስዶ አልመለሰም፤ ሬዲዮኑንም እንደዚያው። ጎረቤቶች ደጅ ላይ ሲያንሾካሹኩ ቆይተው እሷ ብቅ ስትል ስለ ዝናቡ ያወራሉ። አንድ ቀን ደምሰውን ለእህትህ ልጅ ሻይ አቀብላት ብትለው፣ ትርሲት የተቀመጠችበትን ወንበር ትክ ብሎ አየና ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ወጣ። ተጣልተው ይሆናል አለች። ወዲያው ግን የባሰው መጣባት፤ እኔ ልሞት ነው፣ ሁሉም ያውቃል፣ የተደበቀው ከእኔ ብቻ ነው።

ወረቀቱም ይህንኑ ይነግራት ጀመር። በሹሎቹ መካከል ያለው ርቀት ሰፋ። ኋላም አንዳንዱ ጉብታ ብቻውን ይመጣል፤ ሹሉ ሳይከተለው መስመሩ ሰው እንደራቀው መንገድ ጭር ብሎ ይሄድና እንደገና ይነሣል። አስካለ ጣቷን እዚያ ላይ አሳርፋ ስትጠይቃት፣ ትርሲት ወረቀቱን ቀድዳ አጠፈችው።

«ተንቀሳቅሰሽ ነው። ደህና ነው፣ እማዬ።»

አንድ ንጋት ላይ ልቧ ቆሞ እንደገና የተነሣ መስሏት ባነነች። ትርሲት በግራጫው ብርሃን ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ታያታለች። አስካለ፣ «እስኪ የራስሽን አሳዪኝ፣ ደህና የሚባለው ምን እንደሚመስል ላስተያየው» አለቻት። ልጅቱ ሳትከራከር ጋደም አለች። እናት ሽቦዎቹን እንዳየችው አድርጋ ለጠፈች፤ የልጅቱ ቆዳ ረጥቧል። ወረቀቱ ወጣ፣ አሁንም ወጣ፤ ጉብታ የለ፣ ሹል የለ፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ቀጥ ያለ መስመር ብቻ።

በሩ ተንኳኳ። ደምሰው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ጎረቤቶችንና የንስሐ አባቷን አስከትሎ ቆሟል። በዚህ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ አስካለ ታውቃለች።

«እትዬ፣» አላት፣ «አንቺ ሆስፒታል ሳለሽ ትርሲት አርፋለች። ልትጠይቅሽ ስትመጣ መኪናው ገደል ገባ። ልብሽ እስኪበረታ ብለን ነው።»

«ያለ እኔ ቀበራችኋት?»

ለቅሶው ግቢውን ሞላው። አስካለ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ወንድሟ ከዳት፣ ጎረቤት ከዳት፤ ከሁሉም ያልዋሸቻት አንዷ አልጋው ላይ ነበረችና ወደ እሷ ዞረች።

ትርሲት ሽቦዎቹን ከደረቷ አንድ በአንድ እየነቀለች በአልጋው ላይ ቦታ ለቀቀችላትና፣ «እኔም ዋሽቼሻለሁ፣ እማዬ፤ ያንቺም እንደኔ ቀጥ ሊል ትንሽ ነው የቀረው፣ ነይ ጋደም በይ» አለቻት።