ጠንካራ መቀርቀሪያ ያለው አልጋ

ሟቹ በመታጠቢያ ቤቱ ደፍ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። እግሮቹ ውጭ ቀርተዋል፤ የቀረው አካሉ ውስጥ ነው። ገዳዩ አንድ ጊዜ መትቶ አልበቃውም። የኋላ ጭንቅላቱ ሰርጉዶ ደሙ በሲሚንቶው ላይ ወርዶ ግቢው መሀል ረግቷል። ኢንስፔክተር ጣይባ ጅሎ ተንበርክካ ፊቱን ስታዞረው አንድ ዓይኑ እንደተከፈተ ነበር። በሥራዋ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ ይሄኛው ግን አናደዳት።

ከጎኑ በደም የጨቀየ የክሪክ ብረት ወድቋል። ሞያሌ የጭነት መኪና ከተማ ናትና እንዲህ ያለ ብረት የማይገኝበት ደጃፍ የለም። ብረቱ ማንንም አይጠቁምም።

ጣይባ የቦረና ልጅ ናት። በልጅነቷ ድንበሩ ኬላ አጠገብ ሻይ ስትሸጥ አማርኛን ከኢትዮጵያ ሹፌሮች ተማረች፤ ስድቡን አስቀድማ፣ ሰላምታውን አስከትላ። ከሟቹ ኪስ ያወጣችውን መታወቂያ፣ የኬንያ ሰው ኪታምቡሊሾ የሚለውን፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች።

«እንድሪያስ ወልደሰማያት ይርዳው። ዕድሜ ሃምሳ ሁለት። ናይሮቢ። እትዬ ጤናዬ፣ ማነው ያገኘው?»

የማረፊያ ቤቱ ባለቤት እትዬ ጤናዬ የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰው ቆመዋል። «ለሚ ነው ልጄ፣ ያ ጫኝና አውራጁ። ማታ እንግዳውን ያመጣልኝ እሱ ነበር፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሊወስደው መጣ። ሲጮህ ብወጣ ሬሳውን አቅፎ አገኘሁት። ጎረቤቱ ደሙን ሲያይ መች ጠየቀ! በድንጋይ፣ በዱላ… ልገላግል ብገባ እኔንም ክንዴን ሰበሩኝ።»

«የግቢው በር?»

«ጎህ ሲቀድ ውሃ ለሚያመጣው አህያ ከፍቼዋለሁ። ማንም ሊገባ ይችላል።»

የጣይባ ስልክ ጮኸ። የጣቢያው አዛዥ ፍራንሲስ ነው፤ ከምዕራብ ኬንያ የመጣ፣ ሙቀቱንም ሕዝቡንም ያልለመደ ሰው። በስዋሂሊ እየተጣደፈ ተናገረ። «ጣይባ፣ ሀራካ፣ ፍጠኚ! መቶ ሰው ጣቢያውን ከቧል። ጎማና ቤንዚን ይዘዋል፤ ልጁን ሊያቃጥሉት ነው። ያለኝ አምስት ፖሊስ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት በሩን እይዘዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አላውቅም።»

ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጣይባ ስልኩን ኪሷ ከታ መታጠቢያ ቤቱን አንድ በአንድ ማየት ጀመረች። ከበሩ ጀርባ ቢጫ ጄሪካን እስከ አፉ ሞልቶ ቆሟል፤ አንድ ጠብታ አልጎደለበትም። ግድግዳው ላይ ቧንቧ አለ፤ መክፈቻው ላይ የአራት ጣት ደም ደርቋል። በመሐረብ ይዛ አዞረችው። ዞረ፤ ደግሞ ዞረ፤ መጨረሻ የለውም።

«እዚህ ማንያታ ሰፈር ቧንቧ ከደረቀ ስድስት ዓመቱ እኮ ነው ልጄ» አሉ እትዬ ጤናዬ ከውጭ ሆነው። «እሱ ጌጥ ነው።»

«መክፈቻው ባዶውን እንደሚዞር ለማንም እንዳይነግሩ» አለች ጣይባ።

የሟቹ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበረ። በሩ ብረት፣ መቀርቀሪያው የክንድ ውፍረት ያለው ነው። አልጋው ላይ አንድ ሻንጣ፣ ሻንጣው ውስጥ ያልተነካ የጫማ ካርቶን አለ። ከፈተችው። ቆዳው ያማረ ጥቁር ጫማ ነው፤ ግን የግራው ሶል ከቀኙ በአራት ጣት ይወፍራል። ጣይባ ወጥታ የሟቹን ሰንደሎች ገልብጣ አየች። ሁለቱም እኩል ናቸው፤ እኩል አልቀዋል። ካርቶኑን በብብቷ ይዛ ወጣች።

ጣቢያው ደጅ ድንጋይ እየዘነበ ስለነበር በጓሮ ገባች። ለሚ የእስር ክፍሉ ወለል ላይ ተኝቷል። የፊት ጥርሶቹ የሉም፤ አንድ ዓይኑ አብጦ ተከድኗል።

«እህቴ፣ አልገደልኩትም» አለ በደም አረፋ መሀል። «ያነሳሁት በሕይወት ያለ መስሎኝ ነው።»

«አውቃለሁ። ግን እኔ ማወቄ ከጎማው አያድንህም። የት አገኘኸው?»

«ቦጋለ ሆቴል በር ላይ። ከውስጥ ሲወጣ ወደ ኋላው ያያል። ሻንጣውን ሰጠኝና ‹አልጋ አሳየኝ› አለኝ። እኔ ውሃ ያለው፣ ንጹሕ፣ ርካሽ ስለው አይሰማኝም። ‹መቀርቀሪያው ጠንካራ የሆነ አልጋ› አለኝ። ሄሉ ሰፈር ወሰድኩት፣ ዲንቁ ጋ፤ ቁልፉን ነካክቶ ‹ይሄ የልጅ መጫወቻ ነው› አለና ተጣሉ። ከዚያ እትዬ ጤናዬ ጋ። የብረቱን በር ሲያይ ተነፈሰ።»

«ሌላስ?»

«‹ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ታደርሰኛለህ› አለኝ። ምን ሆነህ ነው ብለው ‹ወንድሜ ሞቷል፤ ዛሬ ገና አወቅሁ› አለኝ። መርዶ ነው ብዬ አጽናናሁት።» ለሚ አለቀሰ። «ለዚህ ነው የሚያቃጥሉኝ፣ አብሽር ስላልኩት?»

ጣይባ ካርቶኑን አንስታ በጓሮ ወጣች።

ዲንቁ ሄሉ ውስጥ ከከብት ገበያው ጀርባ ስምንት ክፍል ያከራያል። ሰላምታን ጭምር በንዴት የሚሰጥ ሰው ነው።

«አዎ ገፍቼዋለሁ! ቤቴን ሰድቦ ዝም ልበለው? ግን ገፋሁት እንጂ አልገደልኩትም።»

«ከሄደ በኋላ የጠየቀህ ሰው አለ?»

«አንድ ሰው ደውሎልኛል። ቁጥሩ አይታይም። ‹እንግዳው ዕቃ ረስቷል፣ የት ልላክለት?› አለኝ። እትዬ ጤናዬ ጋ ነው አልኩት።» ዲንቁ ድንገት ቀዘቀዘ። «አቦ… ክፉ ሠራሁ እንዴ?»

«አንተ የሰጠኸው አድራሻ ብቻ ነው» አለች ጣይባ፤ የሰውየው ፊት ግን አመድ መስሎ ቀረ።

ቦጋለ ሆቴል ኮረብታው ጫፍ ላይ ነው። አስፋልቱ ከማርሳቢት ወዲህ እየተቃረበ በነበረበት በዚያ ዓመት ስለሞያሌ ማደሪያ የጠየቀ ሁሉ አንድ ምክር ይሰማ ነበር፤ ሰላምና ውሃ የፈለገ ላይ ይውጣ፣ ኪሱ ያጠረ ማንያታ ይውረድ። ሆቴሉ የራሱ የውሃ ታንከር፣ ጄኔሬተርና ነጭ ሴራሚክ አለው። አቶ ቦጋለ ስልሳ የሞላው፣ ወገቡ የቀና፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን የሚወጣ ሰው ነው። ጣይባን ሲቀበላት እጁን ከእንግዳ መቀበያው ጎን ባለው ቧንቧ ይታጠብ ነበር፤ ውሃው ኩልል ይላል።

«ኢንስፔክተር፣ ደህና መጣሽ። ሰውየው እዚህ መጥቶ ነበር፤ ዋጋው ተወደደበትና ሄደ። ሰው በገዛ እጁ ማንያታ ሲወርድ ምን ይደረጋል? እኔ እንኳ ሃያ ዓመት እዚህ ኖሬ የዚያን ሰፈር አፈር ረግጬ አላውቅም። የጤናዬንም ግቢ በወሬ ነው የማውቀው።»

«አነጋገርከው?»

«በሩቁ አየሁት።»

ጣይባ ቀና ብላ ግድግዳው ላይ በመስታወት የተሰቀለውን የንግድ ፈቃድ አየች። ቦጋለ ወልደሰማያት ይርዳው ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ስትወጣ ገንዘብ ተቀባይዋ ፀዲ እስከ በሩ ሸኘቻትና በሹክሹክታ «ጋሼ ዋሽተዋል» አለቻት። «ሰውየው ሲመጣ በደስታ ይዘል ነበር። ‹ባለቤቱን ጥሪልኝ፣ ማን እንደሆንኩ ግን እንዳትነግሪው› አለኝ። ጋሼ ሲወርዱ ግን እንደ እንጨት ደረቀ። አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ወጣ።»

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ሰዎቹ ሁሉ በእትዬ ጤናዬ ግቢ ተሰበሰቡ። እትዬ ጤናዬ ክንዳቸውን በሻሽ አስረዋል፤ ዲንቁ ግድግዳ ተደግፏል፤ ፀዲ አንገቷን ደፍታለች። አቶ ቦጋለ በጋቢው ጫፍ አፍንጫውን ሸፍኖ ከግቢው በር ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሟል። ለሚን በፖሊስ መኪና ወደ ግቢው ሲያስገቡት ሕዝቡ እየተሳደበ ተከትሏል፤ አሁን በሩን በድንጋይ ይደበድባል። የክሪክ ብረቱ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ፍራንሲስ አስቀድሞ እንደተነገረው አቧራ የለበሰ እጁን አሳይቶ «ልታጠብ» አለና ወደ መታጠቢያው ቧንቧ ሄደ። እጁን ከመዘርጋቱ አቶ ቦጋለ ሳቀ። ባለሆቴል የሌላውን ቤት ጉድ ሲያይ አፉን መያዝ አይሆንለትም።

«አትድከም ጌታው። እሱ ዝም ብሎ ይሽከረከራል እንጂ ውሃ አይሰጥም።»

ፍራንሲስ እጁን ሰበሰበ።

«ጋሼ ቦጋለ» አለች ጣይባ፣ «ማንያታ ውሃ እንደሌለ አገሩ ሁሉ ያውቃል። መክፈቻው እንደሚሽከረከር ግን የሚያውቀው ያዞረው ብቻ ነው። አንተ ደግሞ ይሄን ግቢ በወሬ ነው የማውቀው ብለኸኛል።»

«ሰው… ሰው ነግሮኝ ነው።»

«ይሁን። ከመጀመሪያው ልጀምር። የገደለው ሰው እጁ በደም ሲለወስ ወደ ቧንቧው ሮጠ። ለሚ ማንያታ ነው የተወለደው፤ ውሃ ከበሩ ጀርባ ጄሪካን ውስጥ እንደሚቀመጥ በእንቅልፉም ያውቃል። እትዬ ጤናዬም፣ ሄሉ በጄሪካን የሚኖረው ዲንቁም እንዲሁ። እጁ ሳያስብ ወደ ቧንቧ የሚሄደው ቧንቧ የሚፈስለት ሰው ነው። ጄሪካኑ አንድ ጠብታ አልጎደለበትም።»

ዲንቁ ከግድግዳው ተነሳ።

«ሁለተኛ፣ ዲንቁ ጋ የደወለው ሰው ‹እንግዳው ዕቃ ረስቷል› አለ። ዕቃ የሚረሳው ቀድሞ የነበሩበት ቤት ነው። ከዲንቁ በፊት የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነው፤ ያንተ። ሦስተኛ፣ እንድሪያስ አልጋ የመረጠው ለዋጋ አይደለም። መጀመሪያ ያንተን ሆቴል የመረጠው ስሙን ሰምቶ ነው፤ ከዚያ የመረጠው የሚያስፈራው ሰው የማይሰብረውን በር ነው። በሩ ጠንካራ ነበር። መታጠቢያው ግን ውጭ ነው፤ አንተም እዚያ ጠበቅኸው። የእሱም ያንተም አባት ወልደሰማያት፣ አያት ይርዳው። ይሄ አጋጣሚ ነው?»

አቶ ቦጋለ ለአፍታ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው እንባ ነበረበት።

«ወንድሜ ነው!» ብሎ ጮኸ። «እሺ፣ ደብቄያለሁ። ተቀያይመን ነው። ግን ሰው የእናቱን ልጅ ይገድላል? እናንተ ሰዎች፣ ፍረዱ!»

እትዬ ጤናዬ ማልቀስ ጀመሩ። ውጭ ያለው ሕዝብም በሩ ስንጥቅ ላይ ጆሮውን ደቅኗል።

ጣይባ ካርቶኑን አነሳች። «እንግዲያው ወንድምህ ያመጣልህን ስጦታ ተቀበል። ከናይሮቢ ድረስ ተሸክሞታል። በልክህ ነው ያሠራው፤ አድርገው።»

የግራውን ጫማ ዘረጋችለት። ወፍራሙን ሶል ሲያይ ቦጋለ ነኝ ባዩ ከናፍሩ ነጣ።

«ይህ ጫማ እንደሚናገረው እውነተኛው ቦጋለ በግራ እግሩ ያነክስ ነበር። አንተ ግን ደረጃ ሁለት ሁለቱን ትወጣለህ። ‹ወንድሜ ሞቷል፤ ዛሬ ገና አወቅሁ› ያለው መርዶ ደርሶት አልነበረም። አንተን አይቶ ነው። የወንድሙን ስም የያዘው ሌላ ሰው መሆኑን ሲያይ ስሙ እንዴት እንደተወሰደ ገባው። የት ገደልከው? ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በነበሩበት በዋልዳ ካምፕ?»

ሰውየው የመለሰው በብረቱ ነው። ከጠረጴዛው መንጭቆ ሰነዘረ፤ የፍራንሲስ ክንድ ቀጭ ሲል ሁሉም ሰማው። ሁለተኛው ወደ ጣይባ ራስ መጣ። እሷ ወደ ጎን ዘንበል ብላ በእጇ የነበረውን ጫማ በሙሉ ኃይሏ ፊቱ ላይ አሳረፈችው። ወፍራሙ ሶል አፍንጫውን ሰበረው። በጉልበቱ ወደቀ፤ ብረቱን ረግጣ ካቴናውን አስገባችለት።

«ወታደር ነበርኩ» አለ ደሙን እየዋጠ። «በካምፑ ውስጥ የሚፈልጉኝ ሰዎች ነበሩ፣ ወገናቸውን የገረፍኩባቸው። በራሴ ስም ብቆይ ያርዱኝ ነበር። አንካሳው የስደተኛ ምዝገባ ካርድ ነበረው፤ ዘመድ አጠገቡ አልነበረም። እንድሪያስ ከናይሮቢ ተመልሶ ሲጠይቀኝ ‹ወንድምህ ወደ ውጭ አገር ወጥቷል› አልኩት። ሃያ ሁለት ዓመት አመነኝ… ከውሃ ጉድጓዱ ምሥራቅ፣ ግራሩ ሥር ነው።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የዚህ ሰው ውሸት ሃያ ሁለት ዓመት ከብዶ ቆይቶ ያለቀው በአንድ ጥንድ ጫማ ነው።

በሩ ተገነጠለ። ለሚን ሊያቃጥል የመጣው ሕዝብ በዚያው ጎማ፣ በዚያው ቤንዚን ወደ ሰውየው ተንጋጋ። ጣይባ ሽጉጧን መዝዛ ከእስረኛው ፊት ቆመች፤ ግን መቶ ሰው ነው፣ ስድስት ጥይት ነው ያላት። ያቆማቸው ለሚ ነው። እየተንገዳገደ ከመኪናው ወርዶ መሀል ገባ፤ ያበጠ አፉን ከፈተላቸው።

«ቁጠሩ!» አላቸው። «አራት ጥርስ ነው። ጠዋትም ገዳይ ያዝን ብላችሁ ነበር።»

ከፊት የነበረው ሰው የያዘውን ድንጋይ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

በአራተኛው ቀን ዋልዳ ላይ ግራሩ ሥር ሲቆፈር አጽሙ ተገኘ፤ የግራው ጭን አጥንት ከቀኙ ያጥር ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ መቃብር ተቀበሩ። ለሚ ካርቶኑን ተሸክሞ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደና ጫማዎቹን ከእውነተኛው ቦጋለ እግር በኩል አስተካክሎ አኖረ። የደም ጠብታውን አስቀድሞ በሸሚዙ ጠርጎታል።

ጣይባ ከቀብር ስትመለስ አንድ ቀለም ቀቢ መሰላል ላይ ወጥቶ ‹ቦጋለ ሆቴል› የሚለውን ሊያጠፋ ብሩሹን ነክሮ አገኘችው።

«ውረድ» አለችው። «ስሙን ተወው። መቼም የገዳዩ አልነበረም።»