ስንጥቅ የሌለው አሞሌ

በ1978 ዓ.ም. ነው። ሽንዲ ገበያ አሞሌ ጨው ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። አንድ ከተሜ አጎንብሶ አሞሌዎቼን በጣቱ ያንኳኳል።

«ወንድሜ፣ ውስጡ ሰው ያለ መሰለህ?»

አፈረ። የሽዋስ ይባላል፤ ለመንደር ምሥረታው መሬት ሊያጠና የመጣ የድንጋይ ባለሙያ ነው።

«ስንጥቅ የሌለው አለሽ?»

የገዛውን እዚያው መደቤ ላይ አቆመው። አናቱን በመርፌ በስቶ ውኃ ጠብ አደረገበት። በየገበያው እየመጣ ያንጠባጥባል። እኔም ቀን መቁጠር ጀመርኩ... ወደድኩት።

በአራተኛው ገበያ «ንኪው፣ ያይኔአበባ» አለኝ። ላዩ ነጭና ደረቅ ነው። ስነካው ጣቴ ዘልቆ ገባ፤ ውስጡ ባዶ ነበር።

«ከዓባይ አፋፍ ያለው የኖራ ድንጋይም እንዲህ ነው። ውኃ ከሥር ይበላዋል።»

ሳምንት ሳይሞላ አባቴ እጅጉ እዚያው አፋፍ ላይ ቤት ተመሩ። ቦታው ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ችካል አለው። የቸከለው የሽዋስ ነው አሉኝ። ሮጬ ሄጄ ያዝኩት።

«አባቴን ባዶ ላይ የምታሰፍር አንተ ነህ?»

«ቀዩን ያሰርኩት ቤት እንዳይሠራበት ነው እኮ!»

የመንደር ምሥረታው ኮሚቴዎች ግን ቀይ ሲያዩ የአብዮቱ ምልክት መስሏቸው ቤቱን ሁሉ በዚያው ደርድረውታል። ሊያስረዳ ሄደ።

«ቀይ አደጋ ነው ትላለህ?» ብለው አሰሩት።

ሐምሌ ገባ። የአባቴ ቤት ወለል ሲረገጥ እንደ ከበሮ ይጮሃል።

«መንግሥት ካሰፈረኝ ወዴት እሄዳለሁ፣ ልጄ?»

ያንን አሞሌ አመጣሁላቸው። «አባዬ፣ እስቲ ይንኩት።»

ጣታቸው ሰጠመ። ከዚያ በሬዎቹን ፈትተው ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው ለቀው ወጡ። በሦስተኛው ቀን መሬቱ ስድስት ቤት ዋጠ። ሰው ግን አልነበረበትም።

የሽዋስን ያኔም አልፈቱትም። ሽማግሌ ሲላክብኝ እምቢ እያልኩ ሦስት ዓመት ጠበቅሁ።

አንድ ቅዳሜ ጀርባዬን ሰጥቼ ጨው ስደረድር፣ ኳ... ኳ... ሰማሁ። ዞር ለማለት ፈራሁ።

በግራ እጁ ነው የሚያንኳኳው። የቀኙ ጣቶች አይታጠፉም።

«ስንጥቅ የሌለው አለሽ?»

«አንድ አስቀምጬልሃለሁ» አልኩት። ቀኝ እጁን ይዤ አለቀስኩ።

በጥር ተጋባን። ቤታችን ደልዳላ አለት ላይ ነው፤ ራሱ ነው የመረጠው። ዛሬም ግን ወለሉን ሳያንኳኳ አይተኛም።