የዘገየው ጊታር

ጥላው ከሰዓት በኋላ ሲዘረጋ ድሬዳዋ ትተነፍሳለች። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ከቆሙት ምሰሶዎች ላይ እየተጎተተ ከተማዋን የሚሸፍነው ይህ ግዙፍ ሸራ የፀሐዩን ቃጠሎ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። ኤሌክትሪኩ ባቡር ይነዳል፣ ቤት ያቀዘቅዛል፤ የተረፈውን ደግሞ፣ የሰፈሩ ሰው እንደሚያማርረው፣ ጊታሪስቶች ጆሮ ለማደንቆር ያባክኑታል። በዚያ ሰዓት ሥራ ያበቃል፣ የጫት በርጫ ይጀመራል። ከዚራ ሰፈር ውስጥ ባለው አሮጌ የባቡር ጋራዥ የሚሰበሰቡት የሜታል ጊታሪስቶችም ፍራሻቸው ላይ ጋደም ብለው ክርክራቸውን ይከፍታሉ።

ጊታሪስት ጊታር ከመጫወት ይልቅ ስለ ጊታር ማውራት ይወዳል። በዚህ ጋራዥ ደግሞ ደንብ አለ፤ ሰው ሁሉ የሚስማማበትን ነገር መናገር ክልክል ነው። ቶፊቅ፣ አንጋፋ ነኝ ባዩ፣ "ከስድስት ክር በላይ ያለው ጊታር የቤት ዕቃ ነው" ብሎ ይጀምራል። ደረሰ ከበሮ መቺ ስለሆነ ማንም አስተያየቱን ባይጠይቀውም "ሶሎ ማለት ወሬ ያለቀበት ሰው ለፈፋ ነው" ይላል። ረምላ "ድምፅ የሚያሻክረውን ዲስቶርሽን የምታበዙት ስህተታችሁን ለመሸፈን ነው፤ እውነተኛ ከባድ ባንድ ግማሹ ይበቃዋል" ስትል ትራስ ይወረወርባታል።

ከሁሉም የተጠላው አስተያየት ግን የረምላ ታላቅ ወንድም የኢልያስ ነበር።

"ጣት ምንም አይደለም" ይላል ኢልያስ፣ ግድግዳውን ተደግፎ። "ድምፁ ያለው ሳጥኑ ውስጥ ነው።"

ሳጥን የሚለው አራሚ የሚባለውን መሣሪያ ነው። ጊታሪስቱ ክንዱ ላይ አምባር ያስራል። አምባሩ አንጎል ለእጅ የላከውን ትእዛዝ፣ ማለትም ሰውየው መጫወት የፈለገውን፣ ገና ነርቩ ላይ እያለ ያነባል። ከጊታሩ ደግሞ እጁ በእርግጥ የተጫወተው ይመጣል። አራሚው ሁለቱን ያስተያይና ጣት ያበላሸውን አቃንቶ ለድምፅ ማጉያው ያቀብላል። ሁሉም ሰው አለው፤ ሁሉም ሰው እንደማይጠቀምበት ይምላል። በድሬ ሜታል ክብር ማለት በባዶ እጅ መጫወት ነው። ኢልያስ ብቻ ነው እስከ መጨረሻው ከፍቶ በአደባባይ የሚጫወተው፣ አልፎ ተርፎም የሚከራከርለት።

የሚያናድደው ኢልያስ ድሮ እንዲህ አለመሆኑ ነበር። ረምላን ጊታር ያስተማራት እሱ ነው፤ ጣቷ እስኪደማ አስደግሟት፣ ሲደማም ፋሻ ጠምጥሞላት። አራሚ ከሚከፍት ሰው ጋር አብሬ ሻይ አልጠጣም ይል ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ግን ድንገት ተገለበጠ። ረምላ ይህን ይቅር አላለችውም።

"አንተ እኮ አሁን ጊታሪስት አይደለህም" ትለዋለች በሰው ፊት። "የሳጥን ዘበኛ ነህ።"

ጋራዡ በሳቅ ይናጋል። ኢልያስም ይስቃል። እንዲያውም ስትሰድበው ፊቱ ይፈካ ነበር፤ ይህ ደግሞ የበለጠ ያበሽቃታል።

ወንድምና እህት ከደረሰ ጋር የሚጫወቱበት ባንድ የታወቀበት ነገር አንድ ነው። ሁለቱ ጊታሮች አንዱን ዜማ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው፣ እኩል ይዘውት ይሮጣሉ። እኩል ካልሮጡ ሙዚቃ አይደለም፤ ጫጫታ ነው። ባቡር ጣቢያው ፊት ባለው የለገሀሬ አደባባይ ለሚደረገው ትልቅ ኮንሰርት ሲለማመዱ የኢልያስ ጊታር መዘግየት ጀመረ። ብዙ አይደለም፣ የዓይን ጥቅሻ ያህል። ነገር ግን ሁሉም ሰማው።

"ኬብሉ ነው" አለ ኢልያስ።

"ፒካፑ ነው" አለ ቶፊቅ። "ስንት ጊዜ ተናገርኩ! ድምፅ የሚቀበለው ማግኔት ርካሽ ሲሆን እንዲህ ያደርጋል።" ሌላው ማጉያው ነው አለ፣ ሌላው ከጥላው የሚመጣው ኤሌክትሪክ ንጹሕ አይደለም አለ። ለሳምንት ያህል ሌላ ወሬ አልነበረም። ሁሉም የየራሱን ዕቃ አምጥቶ ሞከረ፤ ጊታሩ መዘግየቱን አልተወም።

በመጨረሻ ከበሮ መቺው ደረሰ ረምላን ነጥሎ አናገራት። "አቦ ረምላ፣ እኔም አልወደውም ይሄን ነገር። ግን በሕዝብ ፊት አንዋረድ። እስከ ኮንሰርቱ ካልተስተካከለ ኢልያስ ይቀራል፤ አንቺ ብቻሽን ትጫወቺዋለሽ።"

ብቻዋን የዜማውን ግማሽ። ረምላ ይህን ማሰብ እንኳ አልፈለገችም። መተዳደሪያዋ የሙዚቃ ዕቃ ጥገና ነው፤ ያላዳነችው ዕቃ የለም። ኢልያስን ወደ ሱቋ ወሰደችው፣ በርጩማ ላይ አስቀምጣ "ተጫወት" አለችውና የአራሚውን ክዳን ፈታች።

ውስጡ ሁለት ገመድ አለ። ቀዩ ከአምባሩ፣ ነጩ ከጊታሩ ይመጣል። ማዳመጫዋን ቀዩ ላይ ሰካች። ወንድሟ የፈለገው ዜማ ጆሮዋ ውስጥ ገባ፤ ፈጣን፣ ንጹሕ፣ ድሮ ልጅ ሆና አፏን ከፍታ ታዳምጠው የነበረው ዓይነት። ሳታስበው ፈገግ አለች። ከዚያ ማዳመጫውን ወደ ነጩ አዛወረችው።

ግማሹ ኖታ የለም። ያለውም ይደናቀፋል፣ ይንሸራተታል፣ ተነስቶ ይወድቃል።

"አገኘሁት!" አለች በደስታ። "ነጩ ገመድ ሞቷል።"

ቀየረችው። ያው ነው። መሰኪያውን ቀየረች፣ ፒካፑን ነቅላ ሌላ ገጠመች። ያው ነው። በመጨረሻ ጊታሩን ከአንገቱ አውልቃ ራሷ ተጫወተችበት። ከነጩ ገመድ የወጣው ድምፅ አንድም እንከን አልነበረውም።

ሌላ የሚቀየር ነገር ፈለገች። ጠረጴዛው ላይ፣ መሳቢያው ውስጥ፣ ዓይኗ የማይሆን ቦታ ሁሉ ሄደ። የቀረ ዕቃ አልነበረም። ቀና ስትል ኢልያስ ግራ እጁን በቀኝ እጁ ሸፍኖ ጭኑ ላይ አስቀምጦታል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችው።

"ሳጥኑን ከከፈትኩበት ቀን ጀምሮ።" ዓይኗን አላያትም። "ነርቭ ነው፤ ትእዛዙ ክንዴ ድረስ ይመጣል፣ ጣቴ ጋ አይደርስም። ግራው ቀደመ፤ አሁን ቀኙም ጀምሮታል።"

"መድኃኒትስ?"

"የሚያዘገየው አለ፤ የሚያድነው የለም። ቢኖርማ ኖሮ ስለ ሳጥን ስጨቃጨቅ እውል ነበር?"

"ለምን አልነገርከኝም ኢልያስ? በአላህ፣ ለምን?"

"ብነግርሽ ታዝኚልኝ ነበር። ቀለል ያለ ዜማ ትሠሪልኝ ነበር፤ ከባዱን ለእኔ ብለሽ ትወስጂ ነበር። ረሙ፣ አንቺ ስትሰድቢኝ እኮ ጊታሪስት ነበርኩ። በሽተኛን እንደዚያ የሚሰድብ የለም።"

ረምላ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ያን ሁሉ ስድብ፣ ያን ሁሉ ሳቅ አንድ በአንድ አስታወሰችው። "ታዲያ ክርክሩስ? ጣት ምንም አይደለም የምትለው?"

"ወላሂ አንድም ቀን አምኜበት አላውቅም። አንዳችሁ ተነስታችሁ በደንብ ትረቱኛላችሁ ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ሁላችሁም ሳቃችሁ።"

አልቅሳ ስትጨርስ ያው ጥገና ዐዋቂዋ ረምላ ሆነች። አራሚው የሚዘገየው እጁን ስለሚጠብቅ እንደሆነ ነገረችው። ነጩን ገመድ ብትቆርጠው መጠበቁን ይተዋል፣ ከፍላጎቱ ብቻ ይጫወታል፤ ማንም አያውቅም።

"እንዳትነኪው" አለ ኢልያስ ቆጣ ብሎ። "ትንሽም ብትሆን እጄ ያለችበትን ነው የምፈልገው። ከዘገየሁ ልዘግይ፣ ከወደቅኩ ልውደቅ። አንቺም አትጠብቂኝ። ቃል ግቢልኝ።"

ቃል ገባችለት።

በኮንሰርቱ ዕለት የመጨረሻ ልምምድ አደረጉ። መዘግየቱ ብሶ ነበር። ደረሰ ረምላን አየት አድርጓት ዓይኑን ወደ ከበሮው መለሰ። ኢልያስ ልብሱን ሊቀይር ሲወጣ ረምላ የአራሚውን ክዳን ከፍታ ነጩን ገመድ ቆረጠችው። ለእሱ ብዬ ነው አለች ለራሷ። ግማሹ ለእሷም ነበር፤ የዜማውን ግማሽ ብቻዋን ይዛ መቆም አልቻለችም።

መድረክ ሊወጡ ሲሉ ኢልያስ ክንዱን ዘረጋላት። የአምባሩን መቆለፊያ ለመቆለፍ ጣቶቹ እምቢ ካሉት ቆይቷል። አሰረችለት።

ለገሀሬ በሰው ተሞልቷል። ጋራዡ በሙሉ ከፊት ቆሟል፤ ቶፊቅ እጁን አጣምሮ ሊፈርድ ተዘጋጅቷል። ደረሰ በዱላው ቆጠረ፣ ሁለቱ ጊታሮች ተነሱ።

እኩል ነበሩ። ከላይና ከታች፣ አንድም ሳይቀድም ሳይዘገይ፣ እንደ ድሮው ሮጡ። ቶፊቅ የተጣመረ እጁን ፈታ። ኢልያስ ጎንበስ ብሎ ግራ እጁን አየ፣ ጣቶቹን አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ለረምላ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ካየችው ዓመታት አልፈዋል። ሕዝቡ ነው ያስደሰተው ብላ አሰበችና እሷም ሳቀችለት፤ ደግ ሠራሁ አለች በልቧ።

ሁለተኛው ዘፈን መሃል ላይ ትንሿ ጣቱ ከክሩ ላይ ተንሸራተተች። ኖታው ግን ጥርት ብሎ ወጣ።

ኢልያስ ሳቁን አቆመ። አንድ ጣቱን ሆን ብሎ አነሳ። ኖታው ወጣ። ሁለተኛውን አነሳ። በመጨረሻ ሁለቱንም እጆቹን ከጊታሩ ላይ አንስቶ ወደ ጎን ዘረጋቸው። ጊታሩ መጫወቱን ቀጠለ።

ሕዝቡ አበደ። የመድረክ ትርኢት መስሎት ነበር። ረምላ ብቻ የወንድሟን ፊት አየች።

ጊታሩ እንዲያቆም ኢልያስ መፈለጉን ማቆም ነበረበት። ዓይኑን ጨፈነ፣ ጥርሱን ነከሰ፤ ድምፁ ይበልጥ በረታ። ሰው እጁን ማንሳት ይችላል፣ ከወደደው ነገር ላይ ፍላጎቱን ማንሳት ግን ቀላል አይደለም። ቀኝ እጁን ልኮ አምባሩን ሊፈታ ታገለ፣ መቆለፊያው ከጣቶቹ እያመለጠ አልፈታ አለው። ዘፈኑ አለቀ። ደረሰ ዱላውን አወረደ፣ ረምላም ክሮቿን ያዘች። የኢልያስ ጊታር ብቻ ቀጠለ።

አሁን የሚጫወተው የባንዱን ዘፈን አልነበረም። ማንም ሰምቶት የማያውቅ ነገር ነው፤ በእነዚያ ዓመታት እጁ እምቢ ያለው ሁሉ፣ በልቡ ሠርቶ የተወው ሁሉ፣ እየተሻማ ይወጣ ነበር።

ኢልያስ በሕዝቡ ፊት ክንዱን ወደ እህቱ ዘረጋ። "ፍቺልኝ" አላት። "ረሙ፣ ፍቺልኝ።"

ሄደች። መቆለፊያውን በሁለት ጣቷ ያዘች። ወዲያው ልትፈታው ይገባ ነበር፤ አልፈታችውም። እንባው በጉንጩ ይወርዳል፣ እሷ ግን ቆማ አዳመጠች። እንደዚያ ያለ ጊታር በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም፤ ከዚህ በኋላም እንደማትሰማ ታውቃለች። ትንሽ ብቻ፣ ትንሽ ብቻ አለች። ከዚያ ፈታችው።

ጊታሩ ቆመ። ቀጥሎ ጩኸቱ መጣ፤ ፉጨት፣ ጭብጨባ። ቶፊቅ እየተጋፋ እስከ መድረኩ ጠርዝ ደረሰ።

"አቦ ኢልያስ!" ብሎ ጮኸ። "ሳጥኑ የማን ሥራ ነው? ምን አድርጋችሁበት ነው?"

ረምላ አምባሩን በእጇ እንደያዘች ቆማለች፤ ይቅርታ ልትለው ወደ ኢልያስ ዞረች። ኢልያስ ግራ እጁን ገልብጦ እያየ ነበር።

"ለመጀመሪያው ዘፈን ያህል" አላት ቀስ ብሎ፣ "የዳንኩ መስሎኝ ነበር።"