«ማነህ?» የማይል ገላ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ በእጄም ነክቼዋለሁ... ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አቃቂ፣ የገዛ ቤታችን በረንዳ ላይ።

ዳሲቱ እባላለሁ። መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ሰፈሩ ሁሉ «እሷ ታውቃለች» የሚለኝ ሰው ነኝ።

ወይ ማወቅ!

በ2013 መጋቢት ላይ ታናሽ ወንድሜን ሉቃስን ኮሮና ያዘው። ሉቃስ ቃሊቲ የመጋዘን ጥበቃ ነው። እናት አባት የለንም። ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ሲንቀጠቀጥ ዋለ። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ባሰበት። ትንፋሹ ግን ደህና ነበር።

«ሆስፒታል የገባ አይወጣም» ይባል ነበር ያኔ። ጎረቤት እንዳይሰማ በሩን ዘጋሁ።

ኦክስጅን ላይ ያሉ ሰዎች ዴክሳ በሚባለው ክኒን እንደሚተርፉ ሰምቻለሁ። ሐኪም ሳልጠይቅ ከመደርደሪያው አንስቼ ሰጠሁት። ለሌላ ሰው ያለ ማዘዣ አልሸጥም... ለራሴ ወንድም ሲሆን ግን ማን ይከልክለኝ?

በማግስቱ ትኩሳቱ ብን ብሎ ጠፋ።

እልል አልኩ። ቂል ነኝ!

ሉቃስ ግን ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«እታበባ...» አለኝ በሹክሹክታ።

«ወዬ?»

«ዝም አሉ።»

«እነማን?»

«ውስጤ ያሉት። ትናንት ሲጮሁ ነበር... ማነህ? ቁም! እያሉ። አሁን ሁሉም ተኝተዋል።»

ሳቅኩበት። «እዚህም ጥበቃ ሆንክ?» አልኩት።

አልሳቀም።

«አንድ ሰው ግን ሲራመድ ይሰማኛል» አለ።

በአምስተኛው ቀን መተንፈስ አቃተው። እሱንም ክኒኑንም ይዤ ሆስፒታል ሮጥኩ።

የተቀበለችን ሐኪም ክኒኑን ገልብጣ አየችው።

«ይሄን መቼ ጀመረ?»

«በ... በሁለተኛው ቀን።»

«ማን አዘዘለት?»

«እኔ» አልኳት።

«ሰውነት የራሱ ወታደሮች አሉት» አለችኝ። «አንዳንዴ ያብዱና ቫይረሱን ትተው ሳንባውን ያቃጥላሉ። ያኔ ነው በዚህ መድኃኒት የምናበርዳቸው። አንቺ ግን ገና ውጊያ ሳይጀምሩ አስተኛሻቸው።»

ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ። እኔ ነኝ ያቺ።

«ይነቃሉ?» አልኳት እያለቀስኩ።

«መድኃኒቱ ሲያበቃ መንቃት አለባቸው» አለች።

ሃያ ሁለት ቀን ኦክስጅን ላይ ቆየ። ተረፈልኝ። ስለቴን አገባሁ።

ከዚያ ግን...

ትንኝ ነከሰችው። አላበጠም፣ አላሳከከውም።

ሽንኩርት ሲከትፍ ጣቱን ቆረጠው። ቁስሉ አልቀላም። አልመገለም። አልዳነምም። እንደተከፈተ ቀረ።

«ያምሃል?»

«ኧረ ምንም!»

መልሼ ወሰድኩት። ሐኪሟ ደሙን አስመርምራ «ጤነኛ ነው» አለችኝ።

እኔ ግን አላመንኩም። የሰጠሁት እኔ ነኛ! ወንድሜን ሁለተኛ ላጣው ነው ብዬ በየቀኑ ገላውን እፈትሽ ጀመር። እሱ ደግሞ «ሕፃን አደረግሽኝ እኮ!» እያለ ይቆጣኛል።

ግንቦት ላይ ሥራ ተመለሰ። መጋዘናቸው የስንዴ ነው።

አንድ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ እያነከሰ መጣና በረንዳው ላይ ቁጭ አለ።

«ጫማው ጠበበኝ» አለ።

ጫማውን አወለቅኩለት። ካልሲውንም።

ተረከዙ ተሰንጥቋል... ደም የለም። እብጠት የለም። ከስንጥቁ መሀል አንድ ቀጭን አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሏል።

ቡቃያ ነው። የስንዴ ቡቃያ።

በስመ አብ!

«ሉቃስ... ይሄ መቼ ገባብህ?»

«ምኑ?» አለኝ ፈገግ ብሎ። «ምንም አይሰማኝም እኮ።»

ጫፉን ያዝኩና... ቀስ ብዬ ሳብኩት። ሥሩ ግን ከላይ፣ ከሩቅ የተያዘ ይመስል እምቢ አለኝ።

ሉቃስ ደረቱን ያዘ።