የዳምሳ ሰባተኛ ቅብ

በሐመርዛ ቤተ መንግሥት ሰገነት ላይ ይውለበለብ የነበረው ቀይ ሰንደቅ በቀትር፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ አመድ መሰለ። ቀጥሎ የአትክልቱ አበባ ነጣ፤ የንጉሡም ካባ ነጣ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ቀለም በላተኛው አውሬ ሐሩማ ከሰባት ዓመት እንቅልፉ መንቃቱን ዐወቁ። ቀለሙን ሲጨርስ ወደ ሰው ደም ይዞራል።

ሐመርዛ ግን ጠባቂዎች ነበሯት። በቅጥሯ ላይ አውራ ጣት የሚያህሉ አርባ የቆርቆሮ ወታደሮች ተደርድረዋል፤ ባለፈው ጦርነት የወደቁ የአርባ ጀግኖች ምስሎች ናቸው። ክፉ ቀን ሲመጣ ስማቸው ይጠራል፤ ነፍስ ዘርተው በሙሉ ቁመታቸው ይነሣሉ። ለዚህም በየሙት ዓመታቸው አዲስ ቅብ ይደረብላቸዋል፤ ቀቢው የአምናውን ቀለም እያረመ መልካቸውን ወደ እውነተኛው ያቀርባል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ ቀቢዎቹ። በአባባሉ የሚኮሩትን ያህል ቢጠነቀቁበት ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተጻፈ።

ንጉሥ ሰግላ በቅጥሩ ላይ ቆሞ የአርባዎቹን አለቃ ጠራ። «የሐመርዛ ጋሻ፣ ዳምሳ ሆይ፣ ተነሥ!»

ዳምሳ አልተነሣም። አለቃቸው ሳይነሣ ሌሎቹ አይነሡምና ሠላሳ ዘጠኙም ባሉበት ቀሩ።

ቆርቆሮውን አቅልጣ ምስሉን ያወጣችው፣ ሰባት ጊዜም የቀባችው የዳምሳ ታናሽ እኅት ዘርማ ነበረች። ከእጇ ሥራ ሁሉ እንደዚህ ምስል የተደነቀላት የለም። በዳምሳ ሥር ተዋግቶ አንድ ክንዱን ያጣው አሮጌው ወታደር፣ ባሻ ቀጸላ፣ ምስሉን አንሥቶ ወደ ዐይኑ አስጠጋው።

«ልጄ፣ ይሄ ቆንጆ ሰው ማነው?»

«ዳምሳ ነው እንጂ፣ ባሻ!»

«ታዲያ ጉንጩ ላይ የነበረው ጠባሳስ?»

ዘርማ ምስሉን ከእጁ ተቀበለች። ጠባሳው የእርሷ ጥፋት ነበር። በስድስት ዓመቷ የቀለጠ ቆርቆሮ የያዘ ድስት በራሷ ላይ ልትገለብጥ ስትል ዳምሳ ዘሎ ገፈተራት፤ ጉንጩ ተቃጠለ። በመጀመሪያው ቅብ ጠባሳውን እንዳለ አስቀምጣው ነበር። በሁለተኛው ዓመት ጥቂት አለሰለሰችው። በየዓመቱ ጠብታ ነጭ፣ ቆንጠር ያለ ቢጫ አፈር እየጨመረች በሰባተኛው ጨርሶ አጠፋችው። ሰውም «እጅሽ ይባረክ» አላት።

«ራሱ በማያውቀው ፊት ውስጥ ቆልፈሽው እንዴት ይስማ?» አለ ባሻ፣ ሳይቆጣ።

የደረቀ ቅብ የሚያስለቅቀው በሐሩማ ዋሻ ሥር ያለው መራራ ምንጭ ብቻ ነው። ዘርማ በንጉሡ ፊት ተንበረከከች። «የሸፈንሁትን ሳልገልጥ ብመለስ የሐመርዛ አፈር አይቀበለኝ!» ብላ ማለች። ባሻም «አንድ ጋሻ ለመያዝ አንድ ክንድ ይበቃል» ብሎ ተከተላት።

ሦስት ቀን በነጣ ዱር ውስጥ ተጓዙ። በአራተኛው ከምንጩ ደረሱ፤ ዘርማ ምስሉን ነክራ በጣቷ ታጥበው ጀመር። ውሃው ቆዳዋን ይልጠው ነበር። ሰባተኛው ቅብ ለቀቀ፤ ስድስተኛውም ለቀቀ። ያን ጊዜ ዋሻው አገሳና ሐሩማ ወጣ፤ የበላው ቀለም ሁሉ ቆዳው ላይ ይተራመሳል።

«ና፣ አንተ ዥጉርጉር!» አለ ባሻ ጋሻውን እያነሣ። «ዘርማ፣ እንዳትዞሪ! እጠቢ ብቻ!»

አልዞረችም። ጋሻው ሲሰበር ሰማች፤ ባሻ ሲወድቅ ሰማች። እያለቀሰች አምስተኛውን፣ አራተኛውን፣ ሦስተኛውን አጠበች። ሁለተኛው ሲለቅ ጠባሳው ቀይና ሸካራ ሆኖ፣ እንደ ጥንቱ ወጣ። ጮኻ ስሙን ጠራችው።

ዳምሳ በሙሉ ቁመቱ ተነሣ። ጉንጩን ዳሰሰና «አድገሻል» አላት። ከዚህ በላይ ለመናገር ጊዜ አልነበረውም። ፎክሮ ሲጣራ ሠላሳ ዘጠኙ ከቅጥሩ ላይ ተነሥተው የሦስት ቀኑን መንገድ በቅጽበት አቋርጠው ደረሱለት፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሐሩማ ወደቀ። ቀለም ወደ ዱሩ ሲመለስ አርባዎቹ ተመልሰው ቆርቆሮ ሆኑ። አንድ ጊዜ የተነሣ ዳግመኛ አይነሣም።

ባሻ ገና ይተነፍስ ነበር።

«እኔንም ትሠሪኛለሽ አይደል?»

«እሠራዎታለሁ፣ ባሻ።»

«ይቺን ጠማማ አፍንጫዬን እንዳታቀኚያት። ኋላ ሲጠሩኝ አልሰማም።»

ዘርማ ዛሬ አርጅታለች። ባሻ በሞተበት ቀን በየዓመቱ ብሩሿን አንሥታ ቀለሙን ታርማለች። ወጣቶቹ ቀቢዎች «እማማ፣ ምናለ አፍንጫውን ትንሽ ቢያቀኑለት?» ይሏታል። ትወደዋለችና እጇም ይከጅላል። አፍንጫው ግን እስከ ዛሬ ጠማማ ነው።