ፊቱን ወደ ቤት ያዞረ ጫማ

ሼክ አኑዋር ከወርቅ ጉድጓድ ሞተው ሲወጡ የመንደራቸው ሰው አላለቀሰም። ከሱዳን ጦርነት ወዲህ እንባው ደርቋል። መርማሪዋ ሳብሪንም ከገዳሪፍ ወደዚህች የቁረይሻ አካባቢ መንደር የመጣችው ደንዝዛ ነው። እናቷ የጎንደር ሰው ስለሆኑ አማርኛ ተናጋሪ በሞተ ቁጥር የምትላከው እሷ ነች።

በማግስቱ ሼኩ በመንደሩ ስም ከወርቅ ኩባንያ ጋር ሊፈራረሙ ነበር። አሁን ግን ጎረምሳው ሁሉ «ኩባንያው ገደላቸው» ብሎ ዱላ ይዟል።

ሼኩ በሞቱበት በዚያ ጠዋት ጉድጓዱ ጋ ከእሳቸው ሌላ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

«አባባ ጉድጓድ ወርደው አያውቁም» አለች ልጃቸው ባሕሪያ። «ጉልበታቸው እንኳን ገደል፣ ደረጃም አይችል።»

የኩባንያው ወኪል አብዱልናስር ላቡን ጠረገ። «ወላሂ፣ እኔ የምፈልገው ፊርማቸውን ነው። ለምን እገድላቸዋለሁ?»

«ሊያዩ ሲወርዱ ተንሸራተው ነው» አለ የጉድጓዱ ቆፋሪ ረዳ። «ይኸው፣ ጫማቸውን አውልቀዋል።»

ሳብሪን ጎንበስ ብላ አየች። ጫማዎቹ ጎን ለጎን ናቸው፤ አፍንጫቸው ወደ መንደሩ። የመውረጃው ገመድ እንደተጠቀለለ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና፣ ሌሎቹን ጉድጓዶች ስትዞር ዋለች።

ሲመሽ ሦስቱንም ከሽማግሌዎቹ ጋር ሰበሰበች።

«አብዱልናስር፣ ባሕሪያ፣ ልትወርዱ እንደሆነ ጫማችሁን አውልቁ።»

ሁለቱም አወለቁ። የሁለቱም ጫማ አፍንጫ ወደ ጉድጓዱ ነው።

«ገመዱ አልተፈታም፤ ስለዚህ ሼኩ አልወረዱም፣ ተገፍተዋል» አለች ሳብሪን። «የገፋቸው ሰው የወረዱ ለማስመሰል ከእግራቸው የወለቀውን ጫማ አስተካክሎ አስቀመጠ። ዛሬ በየጉድጓዱ እንዳየሁት፣ ቆፋሪ ሲወርድ ጫማውን ወደ ቤቱ አዙሮ ይተዋል፤ ካላዞረው አይወጣም ይባላል። ይህን ሼኩም፣ እነዚህም አያውቁም። ረዳ፣ እጅህ ሳታስበው ሠራው።»

ረዳ ድምፁ አልተለወጠም። «አዎ። ሼኩ የወርቅ ማጠቢያው ባዚቃ ውሃችንን መረዘ ብለው ጉድጓዳችንን በውሉ ሊያዘጉ ነበር። ሁመራን ጥዬ በሐምዳይት ድንበር የተሻገርኩት ልኖር ነው። ከዚህስ የት ልሂድ? ለመንኳቸው። ‹ነገ ትሰማለህ› አሉኝ። ገፋኋቸው።»

«ነገ የምትሰማውን ታውቃለህ?» አለ አብዱልናስር። «ቆፋሪዎቹን ካልቀጠራችሁ አልፈርምም ብለው ነበር። አለቃቸው ረዳ ይሁን አሉ፤ እኛም ተስማማን።»

ረዳ ከቆመበት ቁጭ አለ። ሲያስሩት እጁን ራሱ ዘረጋ።

ባሕሪያ ጫማዋን አድርጋ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች።

«ነገ ፈርሙ» አለች። «ውሃው ይጽዳ። ቆፋሪዎቹም አባባ እንዳሉት ይቀጠሩ። አለቃ ብቻ ሌላ ፈልጉ።»